ምዕራፍ 6፦ ሱቁ የራሱ ኪስ ይኑረው

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም የማይርቅ የሰፈር ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አንድ ባለባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ "ማዘር፣ አምስት ዳቦና አንድ ሳሙና፤ ነገ እሰጣለሁ" አለ። ባለሱቋ ዕቃውን አቀብለው ከባንኮኒው ሥር ጥጉ የተበላ ደብተር አወጡ፤ "ባጃጅ፣ ቀዩ ኮፍያ" ብለው ዋጋውን ጻፉ። ስሙን አያውቁትም። ከሱ በላይ "የመንታዎቹ እናት"፣ "አስተማሪው"፣ "ባለ ውሻው" ይላል። ግማሹ ተሰርዟል፣ ግማሹ የወር ደመወዝ ይጠብቃል።

ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሲባል ይህን ደብተር አሽቀንጥሮ መጣል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ አይመስለኝም። ዱቤ የሰፈር ሱቅ የደም ሥር ነው፤ ሱፐርማርኬቱ የማይሰጠውን እምነት የሚሰጠው እሱ ነው። የሱቁ ሕመም ሌላ ቦታ ነው ያለው።

"ዛሬ ስንት ሸጡ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። መሳቢያውን ስበው ብሩን መቁጠር ጀመሩ። መሀል ላይ ቆም አሉ። ጠዋት ለልጃቸው የታክሲ ከዚያው ሰጥተዋል። የቤቱ ጎመንና ሽንኩርት ከዚያው ተገዝቷል። እቁብም ተጥሏል፤ ዳቦ አቅራቢውም ሒሳቡን ወስዶ ሄዷል። "እንግዲህ ያው ነው፤ እግዜር ይመስገን፣ ይሠራል" አሉኝ። የሚያውቁት የቀረውን እንጂ የተሸጠውን አይደለም። እንዲህ ያለ ሱቅ አሥር ዓመት ከርሞ እያተረፈ ይሁን እየከሰረ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል።

ለዚህ ሕመም ስልክ ያግዛል። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ሲቀር አሽከርካሪው ወደደም ጠላም ስልኩ ላይ ብር ማኖር ለመደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ኤምፔሳ ወደ እኛም መጣ። የስልኩ ብር ሱቅ ደጃፍ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሰው የሚያወራው ስለ ፍጥነቱና ስለ ዝርዝር ነው። እርግጥ ነው፣ ዝርዝር ጠፍቶ በመልስ ፈንታ ማስቲካ ተቀብሎ የማያውቅ የለም። ለነጋዴው ግን ትልቁ ጥቅም ከክፍያው በኋላ ኪሱ ውስጥ ጢን ብሎ የሚገባው መልእክት ነው።

መልእክቱን ልብ ብላችሁ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? የከፋዩ ስም፣ የብሩ መጠን፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የግብይት ቁጥሩ አለበት። ስልካችሁ ሳታዙት መዝገብ እየጻፈላችሁ ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የከተማዋ ነጋዴዎች ሒሳብ የሚይዙበትን ዘዴ አብራርቷል። ማንኛውም ገንዘብ ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ከየት እንደወጣና ወዴት እንደገባ። ለዚያ ያኔ ጸሐፊና ወፍራም መዝገብ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ከየት እንደመጣ የሚለውን ስልኩ ራሱ ይጽፈዋል፤ ወዴት እንደሄደ የሚለውን ግን እናንተው ማበላሸት ትችላላችሁ።

የምታበላሹት እንዲህ ነው፦ በአንዱ ቁጥር የሱቁን ሽያጭ ትቀበላላችሁ፣ በዚያው ቁጥር ለአክስታችሁ ልጅ ሠርግ ብር ትልካላችሁ። ስለዚህ ከማንኛውም መተግበሪያ በፊት ለሱቁ የራሱን የነጋዴ ሒሳብ ክፈቱለት። ከዚያ ሒሳብ ለቤት የሚወጣው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ መጠኑ አስቀድሞ የተቆረጠ የእናንተ ደመወዝ ብቻ ይሁን። ማታ ሱቁን ስትዘጉ ሦስት ቁጥር ጻፉ፤ በጥሬ የተሸጠ፣ በስልክ የገባ፣ በዱቤ የወጣ። ኤክሴል ካወቃችሁ እሰየው፤ ካላወቃችሁ ያው ደብተር ይበቃል። ነገሩ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም፤ የሚከብደው የአክስት ልጅ ሠርግ ሲመጣ እጅን መሰብሰብ ነው።

ቁጥሩ ሲጠራቀም የሚታየው ነገር ያስደነግጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሸቀጥ ዋጋ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ነጋዴ ይመስክር። ለምሳሌ ያህል ዘይቱን በ1,000 ብር ገዝታችሁ በ1,080 ሸጣችሁ እንበል። 80 ብር አተረፍን ብላችሁ ወደ ጅምላ አከፋፋዩ ስትሄዱ 1,100 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያተረፋችሁ መስሏችሁ 20 ብር ከኪሳችሁ ጨምራችሁ መደርደሪያውን ትሞላላችሁ። እዚህ ላይ ቴሌግራም ዋጋ አለው። የአከፋፋዮቻችሁን የዛሬ ዋጋ ጠዋት በስልክ ሳታዩ ዕቃ አትሽጡ። ሻሸመኔ ድረስ ለጥያቄ ብቻ መመላለስ ቀርቷል።

ዲጂታል ክፍያን የሚሸሽ ነጋዴ ምክንያቱን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ግብር ነው። ፍርሃቱን አልንቀውም። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ አዲስ አበባ ውስጥና በሌሎች ከተሞች የተነሳውን ቅሬታ አስታውሱ። "ይህን ያህል አልሸጥም" ያለው ሁሉ በምን ያስረዳ? ግምት የሚመጣው መዝገብ በሌለበት ነው። ብድርም እንደዚያው። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር የጀመራቸው "መላ" እና "እንደኪሴ" ቤት በዋስትና አያስይዙም፤ የሚያዩት የስልካችሁን እንቅስቃሴ ነው። ወጪ እንዳላቸውና ቶሎ እንደሚመለሱ ግን አትርሱ። በሳምንት ለሚሸጥ ስኳር ይሆናሉ፣ ለቤት ኪራይ አይሆኑም።

ደንበኛው "ልኬአለሁ" ብሎ የራሱን ስልክ ሲያሳያችሁ አትመኑ፤ የሐሰት መልእክት መሥራት ለአጭበርባሪ ቀላል ነው። የራሳችሁን ሒሳብ አይታችሁ ዕቃውን ስጡ። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ደብተሩ ተጠባባቂ ነው፤ ለዚህም ነው ጣሉት ያላልኩት።

ከወራት በኋላ ወደዚያ ሱቅ ተመለስኩ። ባንኮኒው ላይ የኪውአር ወረቀት ተለጥፎ ላዩ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ባለባጃጁ መጥቶ ስካን አድርጎ የወሩን ዱቤ ከፈለ። ባለሱቋ መነጽራቸውን አጥልቀው መልእክቱን እስከ አያቱ ስም ድረስ ጮክ ብለው አነበቡና፣ "ውይ! ለካስ የነሱ ልጅ ነህ?" አሉ። ልጁ አፈረ። ደብተሩን አውጥተው መስመሩን ሰረዙለት። ከሥሩ አዲስ ዳቦ ሲጽፉ አሁንም "ቀዩ ኮፍያ" ነው ያሉት።