ምላሽ የማይሰጥ የዩኤስቢ ሶኬት እንዴት ይመረመራል?

የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘው ፍላሽ ዲስክ በኮምፒውተሩ ላይ አልታይ ያለው ተማሪ ጽሑፉ የጠፋ ይመስለዋል። ሆኖም እንከኑ የፍላሹ ሳይሆን የሶኬቱ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ከሥሩ ቀይ ብርሃን የሚያወጣና ደህና መሆኑ የታወቀ ማውስ ይበቃል።

የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት አራት መስመሮች አሉት። ሁለቱ የ5 ቮልት ኃይል ያደርሳሉ፤ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ፍላሹ ተነቅሎ ማውሱ ሲሰካ በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ከተንቀሳቀሰ ሶኬቱ ይሠራል፤ እንግዲህ ፍላሹ በሌላ ኮምፒውተር ይሞከር። ብርሃኑ በርቶ ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ ኃይል ደርሷል ማለት ነው፤ ችግሩ በመረጃው መስመር ወይም በድራይቨሩ ይፈለግ። ብርሃኑም ካልበራ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ኃይሉ ነው።

የሶኬቱ መደበኛ ገደብ 500 ሚሊአምፒር ነው። ከዚህ እጅግ የበለጠ ሲሳብ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የሚገኘው ፊውዝ ይግልና ኃይሉን ይገታል፤ ሲቀዘቅዝም ይመለሳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይጠቅማል። የማይሠሩት የፊት ሶኬቶች ብቻ ከሆኑ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኛቸው ኬብል ላልቶ ሊሆን ይችላል። የውስጥ ምላሱ በተጣመመ ሶኬት ውስጥ ግን መስመሮቹ ሊነካኩ ስለሚችሉ፣ ብቸኛው ቅጂ ያለበት ፍላሽ ፈጽሞ ሊሰካበት አይገባም።