85 ቢ ነው ያለው ማነው?

የእህቴ ልጅ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እዚህ ስፕሪንግ ቫሊ ስትመጣ፣ 85ን እንደ አሜሪካ ቢ ቆጥራ ለሕክምና ትምህርት ማመልከቱን ልትተወው ነበር። ቶሮንቶ 85 ግን ኤ ነው፤ 4.0 ይይዛል።

ስለዚህ ውጤታችሁን ራሳችሁ አትቀይሩ። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ መለኪያ ሁለቴ ሲቀየር ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን እንዳለ ሙሉ። አምካስ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ አገልግሎት አመሳክሮ በራሱ ሠንጠረዥ ይቀይረዋል፤ እዚሁ ላስ ቬጋስ ያለው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤትም የሚቀበለው በእሱ በኩል ነው። ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ለኤ ፕላስ 4.33 ቢሰጥም አምካስ ከ4.0 አያሳልፈውም። ኮርስ ከደገማችሁ ሁለቱም ውጤቶች ይቆጠራሉ። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ አማካይ ደግሞ ለብቻው ይወጣል፤ መጀመሪያ እሱን አስሉ።