በካምፑ በር ላይ የሚፈተኑት ሦስት መርሆች

ወታደራዊ ፖሊስ ለሰላም ማስከበር ሲሰማራ ሥራው ብዙ ነው። የሠራዊቱን ሥነ ሥርዓት ያስከብራል፣ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ይቆጣጠራል፣ ጥፋት ሲፈጸም ይመረምራል። የካምፕ ጥበቃ ሲሰጠው ግን ግዳጁን አሳንሶ የሚያይ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር የቆመባቸው ሦስት መርሆች ሁሉም በየዕለቱ የሚፈተኑት በር ላይ ስለሆነ ይህ አስተሳሰብ መታረም አለበት።

አንደኛው መርህ የወገኖች ስምምነት ነው። ሰላም አስከባሪ በሰው አገር የሚቆመው ዋና ዋናዎቹ ተፋላሚዎች መምጣቱን ስለተቀበሉ ነው። ስምምነቱ በወረቀት ቢሰፍርም የሚጸናው በአያያዝ ነው። ውኃ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛው፣ አቤቱታ ይዞ የመጣው ሽማግሌ ግዳጁን የሚያውቁት በዘቡ በኩል ነው። ፍተሻው ይጥበቅ፤ ሰው ግን አይዋረድ። ሴትን ሴት ትፈትሽ።

ሁለተኛው አለማዳላት ነው። ማንም ምንም ቢያደርግ ዝም ብሎ ማየት ማለት እንዳይመስለን። ለሁሉም አንድ ደንብ ማስከበር ማለት ነው። የመንግሥት ወታደርም ሆነ የተቃዋሚ ታጣቂ በመለዮው ወይም በማዕረጉ ምክንያት ሳይፈተሽ ካለፈ ደንቡ ፈርሷል።

ሦስተኛው፣ ራስንና ግዳጁን ለመከላከል ካልሆነ በቀር ኃይል አለመጠቀም ነው። ዘቡ ጊዜ ካለው በቃል ያስጠነቅቃል፣ ቀጥሎ መሣሪያውን ያሳያል፣ እንደ ደንቡ የማስጠንቀቂያ ጥይት ይተኩሳል። ለአፍታ የማይጠብቅ የሞት አደጋ ከመጣ ግን ይህን ቅደም ተከተል የመጨረስ ግዴታ የለበትም። ሲቪሎችን የመጠበቅ ሥልጣን በተሰጠበት ግዳጅ ደግሞ ራስን መከላከል ብቻውን አይበቃም፤ የተጠለለውን ሕዝብ መከላከልም ግዴታው ነው።

ይህ መርህ ሲላላ ምን እንደሚከተል የደቡብ ሱዳኗ ማላካል አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 በተባበሩት መንግሥታት ካምፕ አጠገብ ከ40 ሺህ በላይ ተፈናቃዮች ተጠልለው ነበር። ጠብ የተጫረው ጥይት ወደ መጠለያው ለማስገባት የሞከሩ የመንግሥት ወታደሮች ከተያዙ በኋላ ነው። ቀጥሎም ታጣቂዎች በተቀደደ አጥር ገቡ፤ በርካታ ተፈናቃዮች ተገደሉ፣ መጠለያዎችም ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ፣ የህንድና የሩዋንዳ ሰላም አስከባሪዎች በዚያ ነበሩ። የድርጅቱ ምርመራ በዕዝና ቁጥጥር እንዲሁም በኃይል አጠቃቀም ደንብ ላይ ግራ መጋባት እንደነበረ አረጋግጧል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አጥር በየቀኑ በእግር ካልታየ አጥር አይደለም፤ የተቀደደው በዚያው ቀን ይጠገን። ሁለተኛ፣ መቼ መተኮስ እንደሚፈቀድ የሚጠየቀው ጥቃቱ ከጀመረ በኋላ መሆን የለበትም።

ስለዚህ የጥበቃ አዛዦች ሆይ፣ ዘብ ተረኝነቱን ከመረከቡ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ማንን ትጠብቃለህ? መቼ ትተኩሳለህ? የማንን ትእዛዝ ትቀበላለህ? ሦስቱንም በራሱ አንደበት ያልመለሰ ማማ ላይ አይውጣ።