የክረምት በለስ በትግራይ፦ አለቃቀም፣ አቆያየትና አሻሻጥ

መግቢያ

የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ የሆነው በለስ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ በትግራይ ለአጥር፣ ለአፈር ጥበቃ፣ ለከብት መኖና ለምግብ ያገለግላል። ፍሬው የሚደርሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱም ገና በማሳ ላይ የሚገኝበት በመሆኑ፣ በለስ ለብዙ ቤተሰብ ምግብም የእህል መግዣም ነው። በደቡብ ትግራይ የኮቺኒል ነፍሳት ተክሉን በሰፊው ካጠቃ ወዲህ ደግሞ፣ ከሚገኘው ምርት ላይ የሚደርሰውን ብክነት መቀነስ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ስለ ፍራፍሬ ብክነት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የማቀዝቀዣ ክፍል እጥረት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የበለስ ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው በለቃሚው እጅ መሆኑን፣ የተሻለ አለቃቀም ሊስፋፋ የሚችለውም የመሸጫው መስፈሪያ ሲለወጥ መሆኑን ያስረዳል።

አመራረጥና አለቃቀም

ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ጥሬያቸውን ተለቅመው ውለው አድረው ይበስላሉ። በለስ ግን ከተክሉ ከተለየ በኋላ አይበስልም፤ ስኳሩም አይጨምርም። ስለዚህ ሩቅ ገበያ እንዲደርስ ብሎ ጥሬውን መልቀም ለቲማቲም ቢበጅም ለበለስ አይበጅም። በጣም የበሰለውም ቢሆን በመንገድ ይፈርጣል። ለገበያ የደረሰ ፍሬ በሦስት ምልክቶች ይለያል፦ የልጣጩ አረንጓዴ ቀለም መለወጥ ይጀምራል፤ በአናቱ ላይ ያለው ጎድጓዳ እንብርት እየሞላ ይሄዳል፤ ጸጉር መሰል እሾሁም በቀላሉ ይረግፋል። በዚህ ደረጃ የስኳሩ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ከመቶ ነው።

የመልቀሚያው ሰዓት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሁለት ነገሮችን ያስነሣል። ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅና ነፋስ ሳይነሣ የለቀመ ሰው ጥቃቅኑ እሾህ ወደ ዓይኑና ወደ ቆዳው አይበንበትም። ነገር ግን ፍሬው እርጥብ ሳለ በሳጥን ከታጨቀ ሻጋታ ያበቅላል። ሁለቱን ለማስታረቅ በማለዳ ለቅሞ፣ ውሃው እስኪደርቅ ድረስ ጥላ ሥር በስሱ አስጥቶ ማቆየት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ፍሬው ተጠምዝዞ ሲነቀል የሚደርሰው ነው። በዚህ ጊዜ ከቅጠሉ ጋር የተያያዘበት ጫፍ ይቀደዳል፤ ቁስሉም የሻጋታ መግቢያ ይሆናል። በአንጻሩ ከቅጠሉ ጥቂት ቁራጭ አብሮ በቢላ ቢቆረጥ ጫፉ ሳይቀደድ ይቀራል፤ ቁራጩም በቀናት ውስጥ ደርቆ በራሱ ይወድቃል።

አቆያየት

ያልቆሰለ በለስ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜና ከ90 እስከ 95 ከመቶ በሆነ የአየር እርጥበት ከ2 እስከ 5 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከ5 ዲግሪ በታች ለረጅም ጊዜ ከቆየ ግን ቅዝቃዜው ራሱ ልጣጩን ያጠቁረዋል። ቁስለኛ ፍሬ ደግሞ በቀዝቃዛ ክፍል ቢቀመጥም መበስበሱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

በአነስተኛ ገበሬዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚመከረው በውሃ ትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ይህ መሣሪያ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ በለስ የሚደርስበት የክረምት አየር ግን እርጥበት ስለሚበዛበት ትነቱም ቅዝቃዜውም ያንሳል። በሌላ በኩል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባሉት የትግራይ አካባቢዎች ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሌሊት ተከፍቶ የሚናፈስ፣ ቀን የሚዘጋ ጥላማ ጎጆ ያለ ብዙ ወጪ የቀኑን ሙቀት ለማሳለፍ ይረዳል።

አሻሻጥ

በቢላ መቁረጥ ጊዜ ይወስዳል። ነጋዴው በሳጥን ወይም በባልዲ ገምቶ ሲገዛ፣ የተጠነቀቀውም የተጣደፈውም ለቃሚ በአንድ ሳጥን እኩል ዋጋ ይከፈላቸዋል። የተጠነቀቀው በቀን የሚሞላው ሳጥን ስለሚያንስ ገቢው ይቀንሳል። መበስበሱ የሚታየው ከቀናት በኋላ፣ ፍሬው ከእጁ ከወጣ ወዲያ ነው። ስለዚህ ጠምዝዞ መንቀል ካለማወቅ ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ መስፈሪያው ራሱ ይህን አሠራር ያተርፋል። ለለቃሚዎች ሥልጠና መስጠት ብቻውን የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከሽያጭ በፊት መለየት ነው። ጫፉ ያልተቀደደው ፍሬ ለመቀሌና ለአዲስ አበባ ገበያ በቁጥር ወይም በኪሎ፣ ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጥ። ጫፉ የተቀደደው በዚያው ቀን በአቅራቢያው ይቸርቸር። በችርቻሮ የሚላጠው በለስ እንደ ብርቱካን በአሲድ የበለጸገ ስላልሆነ ረቂቅ ተሕዋስያን በፍጥነት ይራቡበታል፤ በንጹሕ ቢላ ተልጦ ወዲያው መበላት አለበት። ከተረፈው ማርማላታ ወይም ጭማቂ ለማዘጋጀት የሚያስብም ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ መጨመር ይኖርበታል፤ ማፍላት ብቻውን ለማቆየት አስተማማኝ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚገኘው የቅደም ተከተል ትምህርት ነው፦ መጀመሪያ ለጥራት የሚከፍል መስፈሪያ፣ ቀጥሎ ቢላና ጥላ፣ በመጨረሻም ቀዝቃዛ ክፍል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውድ የሆነው ክፍል አስቀድሞ የቆሰለ ፍሬ ማቆያ ይሆናል። ሐሳቡን በአነስተኛ ወጪ መፈተን ይቻላል። ከአንድ ማሳ በአንድ ማለዳ በሁለቱ መንገዶች እኩል ቁጥር ያለው ፍሬ ለቅሞ፣ በአንድ ጎጆ አስቀምጦ፣ በየቀኑ የበሰበሰውን መቁጠርና የእያንዳንዱን የልቀማ ሰዓት መመዝገብ ይበቃል። ከብክነት የሚተርፈው ፍሬ ዋጋ ቢላው ከሚወስደው ተጨማሪ ሰዓት ዋጋ መብለጡ ከተረጋገጠ፣ ትርፉ በነጋዴውና በለቃሚው መካከል እንዴት ሊካፈል እንደሚገባ ለመነጋገር መነሻ ይገኛል። ልቀማውና ችርቻሮው በአብዛኛው በሴቶችና በወጣቶች ትከሻ ላይ ያለ በመሆኑ፣ ይህ ክፍፍል በክረምት ወራት ከቤተሰብ እንጀራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።