የረዥም የእግር መንገድ ለነጋዴው የሚሰጠው ትምህርት

በእንግሊዝ አገር ፔናይን ዌይ የሚባለው የእግር መንገድ ከኤዴል መንደር ተነሥቶ ተራራ ለተራራ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ስኮትላንድ ይገባል። ሐሳቡ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ቀርቦ መንገዱ የተከፈተው በ1965 ነው፤ በየስፍራው የመተላለፊያ መብት ማስገኘት ብዙ ድርድር ጠይቋልና። ከዚያም የእግረኛው ብዛት ረግረጉን ስለ ጐዳው ከፈረሱ ፋብሪካዎች በተገኘ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንጠፍ ግድ ሆነ።

እግረኛ ዕቃውን በጀርባው ስለሚሸከም ብዙ አይሸምትም፤ ነገር ግን በየማታው ራትና መኝታ፣ በየጧቱም ስንቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥቅሙ የሚገኘው የአንድ ቀን ጕዞ በሚያልቅበት መንደር ነው። የአካባቢው አስተዳደር የማደሪያውን ስፍራ፣ የባለመሬቱን ስምምነትና የጥገናውን ወጪ አስቀድሞ ሲወስን ባለሱቁ ከምክሩ ሊለይ አይገባውም፤ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ ቅሬታ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናልና።