ስለ ግል የድረ ገጽ ጽሑፍና ስለ ዐጭር ማስታወቂያ፤ ለቱርሚና ለደቡብ ኦሞ ነጋዴዎች

ነጋዴ ዕቃውን ከማሳየቱ አስቀድሞ ስሙን ማሳወቅ እንደሚገባው የታወቀ ነው። ስሙን የሚያሳውቅበት መንገድ ግን በየዘመኑ ይለዋወጣል። ዛሬ በቱርሚ ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ ማር የሚያስጭን ወይም ፍየል የሚገዛ ሰው አንድ ፎቶግራፍና ሁለት መስመር ቃል በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም አውጥቶ ደንበኛ ይጠባበቃል። ነገሩ ብዙ ወጪ የለውም፤ ፈጣንም ነው። በዚህ ጥናት የምንመረምረው ግን ይህ ዐጭር ቃል ሊሠራው የማይችለው ሥራ ምን እንደ ሆነና፣ ሰው በራሱ ስም የሚይዘው ረዥም የድረ ገጽ ጽሑፍ፣ ማለት ብሎግ የተባለው፣ ለነጋዴ ዛሬም የሚጠቅምበትን ምክንያት ነው።

ብሎግ ማለት ባለቤቱ ቀን እየጠቀሰ በየጊዜው አዲስ ጽሑፍ የሚጨምርበት፣ የቀድሞውም ሳይጠፋ በተራው ተቀምጦ የሚገኝበት የግል ገጽ ነው። ዐሳቡ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንድሪያስ ካቫዲያ የተባለው የግሪክ ሰው አእምሮ የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምር፣ በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። በኢንተርኔት ዘመንም ዳንኤል ክብረት በግል ገጹ ያወጣቸው ረዣዥም ጽሑፎች ኋላ ተሰብስበው መጻሕፍት ሆነዋል። የአማርኛ አንባቢ ከሦስት መስመር በላይ አያነብም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ለጉዳያችን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በዚያው በሐመር ምድር ይገኛል። ጂን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ከሐመር ሰዎች ጋራ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በማስታወሻ ይይዙ ነበር። ይህም ማስታወሻ በ1979 በጀርመን አገር በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ባልዳምቤ የተባለው የሐመር ሰው ስለ ወገኖቹ አኗኗር የሰጠውን ቃል የያዘ ነው። ማስታወሻው ነገሩን ከነቀኑና ከነቦታው ስለ መዘገበ፣ ስለ ሐመር የሚያጠና ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ሳያየው አያልፍም። በአንጻሩ በየዓመቱ ከከብት ዝላዩ ሥነ ሥርዐት የሚነሣው ፎቶግራፍ ለቍጥር የሚያዳግት ሆኖ ሳለ፣ ከሳምንት በኋላ የት እንደ ተነሣ፣ መቼ እንደ ተነሣ የሚያውቅ የለም። ወደ ቱርሚ ለመምጣት ወይም ከቱርሚ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ የሩቅ ሰው የሚያነበው እንግዲህ መንገደኛ የጻፈውን ነው። የቱርሚ ነጋዴ ስለ ገበያው የሚያውቀው፣ ከመንገደኛው ዕውቀት በእጅጉ የሚበልጠው፣ በአፍ ብቻ ቀርቷል። በዚህም የተነሣ ዋጋ የሚወስነውና እንግዳውን የሚያከፋፍለው በአዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጽፈው ደላላ ይሆናል።

ዐጭሩ ማስታወቂያ በተለይ በአማርኛ የሚጠብበት ምክንያትም አለ። በስልክ የሚላከው ዐጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው። ቀድሞ ትዊተር ይባል የነበረው ኤክስ በአውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 2017 ልኩን ከ140 ወደ 280 ከፍ ቢያደርግም፣ የግዕዝን ፊደል እያንዳንዱን እንደ ሁለት ስለሚቈጥረው ያለ ክፍያ የሚጠቀም የአማርኛ ጸሐፊ በ140 ላይ ቀርቷል። እርግጥ ነው፣ አንዱ ፊደላችን ድምፁን ከነአናባቢው ስለሚይዝ ቦታ ይቈጥባል። ቢሆንም የማርን ዐይነት፣ የተቈረጠበትን ወር፣ የዕቃውን ልክና የማስጫኛውን ውል በ140 ፊደል ገልጦ የጨረሰ ነጋዴ እስከ ዛሬ አላየንም።

ከዚሁ ጋራ አንድ የተለመደ ጕድለት እንጠቁም። ብዙ ነጋዴዎች ዋጋውንና አድራሻውን በሥዕሉ ላይ ጽፈው ሥዕሉን ብቻ ይለቃሉ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለት በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር የፊደል ሥርዐት ውስጥ ከገባ ወዲህ በአማርኛ የተጻፈ ቃል በየትም አገር ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል፤ በሥዕል ውስጥ የተቀበረ ቃል ግን በቀላሉ አይገኝም። ሥዕሉ ይቅር አንልም፤ ቃሉ ከሥሩ ይጻፍ ነው የምንለው።

ሁለተኛው ነገር የባለቤትነት ነው። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ ወር ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው ነበር። ሱቁን በእነዚህ ላይ ብቻ ያቆመ ነጋዴ አምስት ወር ያህል በሩ እንደ ተዘጋበት ሰው ሆነ፤ በቪፒኤን የገባ ቢኖርም ደንበኛው ሁሉ አልተከተለውም። የራሱ ገጽና የደንበኞቹ አድራሻ በእጁ ያለው ግን ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። የግሉ ገጽ ደግሞ ከዚህ ዐይነቱ ነገር ፈጽሞ ነፃ ነው ብሎ መናገር ሐሰት ይሆናል። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት በተባለው አገልግሎት የተቀመጡ ገጾች በሙሉ ከኢትዮጵያ እንዳይታዩ ሆነው ነበር፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የ264 ድረ ገጾች እገዳ መነሣቱ እስኪነገር ድረስም ብዙ ገጾች ተዘግተው ቈይተዋል። ስለዚህ ጽሑፉ በተከፈለበት የራስ አድራሻ መቀመጡና ቅጂውም በቤት መኖሩ ይመረጣል።

አሁን ምን ይጻፍ ወደሚለው እንለፍ። በመጀመሪያ ገበያው ራሱ ይጻፍ። የቱርሚ ገበያ ሰኞ፣ የዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የቀይ አፈር ኀሙስ መሆኑን የአገሩ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ማንም አይጽፈውም፤ ረቡዕ ቱርሚ ደርሶ ባዶ ሜዳ የሚያይ እንግዳ ግን ማረፊያውንም ያማርራል። በገበያው ማርና ቅቤ፣ ማሽላ፣ ፍየል፣ ቅል፣ የቡና ገለባና ቀይ አፈር የሚቀርብበትን ሁኔታ፣ የትኛው በየትኛው ወር እንደሚበዛና እንደሚወደድ በየሳምንቱ ሁለት ገጽ የጻፈ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ማንም ላኪ የሚፈልገው መዝገብ ይኖረዋል። ዝናም ሲጥል የካስኬ ወንዝ አሸዋው በውሃ የሚሞላበትን ጊዜና መኪና የሚዘገይበትን ቀንም አብሮ ይመዝግብ፤ ዕቃ የሚያስጭን ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ማርን ለብቻው እንይ። የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ማር ከሚቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ያስገባው በ2008 ነበር። የውጭ ገዢ ማሩ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል፤ የማሩም የውሃ መጠን በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥ ይፈልጋል። የቱርሚ ነጋዴ በገጹ ላይ ማሩ ከየትኛው ቀበሌ እንደ ተሰበሰበ፣ በየትኛው አበባ ወቅት እንደ ተቈረጠ፣ በምን ዕቃ እንደ ተቀመጠና እንደ ተጣራ ከነቀኑ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ የላቦራቶሪን ወረቀት ባይተካም ገዢው ወረቀቱን ለመጠየቅ እንዲነሣሣ ያደርገዋል። መጥፎ ዓመት ሲሆንም ይጻፍ። ማሩ ቀጥኖ ነበር፣ ስለዚህ አላስጫንሁም ብሎ የጻፈ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ወፍራም ነው ሲል ይታመናል።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ጥንቃቄ የሚያሻቸው አንድ ጉዳይ አለ። የከብት ዝላዩ የወጣቱና የቤተ ዘመዱ ሥርዐት እንጂ የማረፊያው ሸቀጥ አይደለም። የሰዎቹን ፊት ሳያስፈቅዱ ማውጣት፣ ቀኑንም እርግጠኛ ሳይሆኑ ለእንግዳ ቃል መግባት በእንግዳውም በመንደሩም ዘንድ ያስነቅፋል። ይልቁንስ እንግዳ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ለፎቶግራፍ አስቀድሞ ከማን ጋራ እንደሚነጋገር በሰፊው ቢጻፍ በየጊዜው የሚነሣው ክርክር ይቀንሳል።

ጊዜ የለኝም የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ጽሑፉን የግድ ራሱ መተየብ የለበትም፤ ባልዳምቤም ተናገረ እንጂ ራሱ አልጻፈም። ሰኞ ማታ ገበያው ሲበተን ነጋዴው በአማርኛ ወይም በሐመርኛ ይናገር፣ የተማረ ልጁ ወይም ጸሐፊው ይጻፍ፤ ለውጭ ገዢ የሚሆነው ክፍል በእንግሊዝኛ ይገልበጥ። ዐጭሩ ማስታወቂያም አይቀርም። በቴሌግራም ሁለት መስመር ይጻፍና የረዥሙ ጽሑፍ አድራሻ ከሥሩ ይቀመጥ፤ የጠራው ደንበኛ ወደ ዝርዝሩ ይገባል።

የገጹ አድራሻ በየዓመቱ ክፍያው ካልታደሰ ለሌላ ሰው ሊያልፍ ስለሚችል፣ የሚታደስበት ቀን ከንግድ ፈቃዱ ማሳደሻ ቀን ጋራ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። በየሦስት ወሩም የተጻፈው ሁሉ በወረቀት ታትሞ ከደረሰኞቹ ጋራ በአንድ ሣጥን ይቀመጥ።