ስለ ክረምት ጨዋታና ስለ ትምህርት ጊዜ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በክረምት ይዘጋሉ፤ በመስከረምም ይከፈታሉ። በዚህ የዕረፍት ወራት የየሰፈሩ ወጣቶች በየቡድናቸው ሆነው የእግር ኳስ ውድድር ያደርጋሉ፤ ለአሸናፊውም ዋንጫ ይሰጣል። ይህ መልካም ነገር ነው። ጨዋታ ሰውነትን ያጸናል፤ ለሕግ መታዘዝን፣ ከባልንጀራ ጋር መተባበርን፣ ሲያሸንፉ አለመታበይን፣ ሲሸነፉም አለመቈጣትን ያስተምራል። ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ልኩን ሲያልፍ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ይህን የቀደሙ አባቶች ያውቁት ነበር። በልደት በዓል ሰሞን የአገሩ ሰው ቆልማማ ዱላ ይዞ በሜዳ ላይ ሩር እየመታ ገና ይጫወታል፤ ቀድሞ ጌታም ከሎሌው ጋር እኩል ይጋፋ ነበር፤ ቢመታም አይቈጣም ነበር። ወራቱ ሲያልፍ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ጨዋታው የሚናፈቀውም ጊዜ ስላለው ነው።

የክረምቱ የዋንጫ ውድድር ግን ብዙ ጊዜ ወሰኑን ያልፋል። ዝናብ ሜዳውን ያጨቀየዋል፤ ግጥሚያውም ከሳምንት ወደ ሳምንት ይተላለፋል። በነሐሴ ይፈጸማል የተባለው ውድድር ትምህርት ከተከፈተ በኋላ በሥራ ቀን ይሆናል። ያን ጊዜ ልጁ በሁለት ነገር መካከል ይጨነቃል። ከቡድኑ ቢቀር ከዳተኛ ይባላል፤ ከትምህርቱ ቢቀር የዓመቱን ትምህርት መሠረት ያጣል። ይህም ጭንቀት ከልጁ ጥፋት የመጣ አይደለም፤ ቀኑን የቈረጡት ታላላቆች አስቀድመው ባለማሰባቸው የመጣ ነው። ታላላቆች ሊሸከሙት የሚገባውን ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ መጣል አይገባም።

ስለዚህ ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን ቀን ይወስኑ፤ ከዚያም ወደ ኋላ እየቈጠሩ ግጥሚያውን ይመጥኑ። ስምንት ቡድኖች እያንዳንዳቸው ከሁሉም ጋር ቢጋጠሙ 28 ግጥሚያ ያስፈልጋል፤ ይህም ለክረምት ይበዛል። አራት አራት ሆነው በሁለት ምድብ ቢከፈሉ፣ ከየምድቡም ሁለት ሁለት ቢያልፉ፣ እስከ ዋንጫው ድረስ በ15 ግጥሚያ ይፈጸማል፤ ከሁሉ የደከመውም ቡድን ሦስት ጊዜ ይጫወታል። በየቅዳሜው ሁለት ግጥሚያ ቢደረግ 8 ሳምንት ይበቃል። ዝናብ የከለከለውን የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይተካዋል። የቀሩት ቀኖች ወላጅን ለመርዳት፣ መጽሐፍ ለማንበብ፣ መዝሙርና የእጅ ሥራ ለመለማመድ፣ ደግሞም ለማረፍ ይሆናሉ። በማደግ ላይ ያለ አጥንት ዕረፍት ካላገኘ ይጐዳልና ሐኪሞች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ከልምምድ ማረፍን ይመክራሉ።

ጨዋታና ትምህርት በተፈጥሯቸው ጠላቶች አይደሉም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ ደብተሩንም በክንዱ ይይዝ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ በ10,000 ሜትር ሩጫ የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ ዓለም ሁሉ የተመለከተው ግራ ክንዱ መጽሐፍ እንደ ያዘ ልጅ ክንድ ታጥፎ ነበር። የልጅነቱ ሩጫ ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እንጂ ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው አልነበረም።

እንግዲህ ወጣት ሁሉ በጊዜው በሙሉ ልቡ ይጫወት፤ የትምህርት ደወል ሲደወል ግን ኳሱን ያስቀምጥ። ታላላቆችም ደወሉ ከመደወሉ በፊት ዋንጫውን ይስጡ። ዋንጫ በሚመጣው ክረምት ዳግመኛ ይገኛል፤ ያለፈ የትምህርት ቀን ግን አይመለስም።